የነዳጅ ትርፍ ድርሻ ደሞዝ አይደለም

ልጄ፣ በስልክ ያጫወትከኝን ነገር ሳወጣ ሳወርደው ሰነበትኩ። ያን ዕለት «እስቲ እናያለን» ብዬ ያለፍኩህ ሐሳብህን ንቄ አይደለም፤ የገንዘብ ጉዳይ የችኮላ መልስ አይወድም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባል የለ።

እንደገባኝ ከሆነ በጭነት መኪና ሥራ ያጠራቀምካትን 40 ሺህ ዶላር በሙሉ የነዳጅና የጋዝ ኩባንያዎች አክሲዮን ልትገዛባት ነው። ኩባንያዎቹ በየሦስት ወሩ የትርፍ ድርሻ ይከፍላሉ፤ የሚከፍሉትን ለእናትህ ትልካለህ፤ ዋናው ሳይነካ ይቀመጣል። እናቱን የማይረሳ ልጅ ይባረክ። ነዳጅ አትግዛ ልልህም አይደለም፤ እኔ ራሴ ጥቂት አለኝ። የምልህ ይህን ብቻ ነው፦ የነዳጅ ኩባንያን የትርፍ ድርሻ እንደ ደሞዝ ቆጥረህ የእናትህን ቀለብ አታስርበት።

ከምታውቀው ልነሳ። እናትህ አዲስ አበባ የባንክ አክሲዮን አላት። ባንኩ በዓመት አንዴ ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራል፤ ትርፉ ይነገራል፤ «ዘንድሮ በአክሲዮን ይህን ያህል በመቶ» ይባላል። መቶኛው የሚሰላው አክሲዮኑ ላይ በተጻፈው ዋጋ ነው፤ ሰው ከሰው ስንት እንደገዛው አይጠየቅም። አንተም ይህን እያየህ ስላደግህ፣ በስልክህ መተግበሪያ ላይ ከአንድ ነዳጅ ኩባንያ ስም አጠገብ 8 ወይም 10 በመቶ የሚል ቁጥር ስታይ ኩባንያው ለጋስ ሆኖ ታየህ። እዚህ አሜሪካ ግን ያ መቶኛ የሚወጣው የዓመቱን ክፍያ ለዛሬው የገበያ ዋጋ በማካፈል ነው። ክፍያው አንዲት ሳንቲም ሳይጨመርበት የአክሲዮኑ ዋጋ በግማሽ ቢወድቅ መቶኛው እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ቁጥሩ ሲያብጥ ብዙ ጊዜ ገበያው «ይሄ ክፍያ የሚዘልቅ አይመስለኝም» ማለቱ ነው። አበው «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» ያሉት እንዲህ ላለው ነው።

ገደሉን በስም ላሳይህ። ከዚህ በታች የምጠራው ዓመትና ወር ሁሉ የፈረንጅ ነው።

ኦክሲደንታል ፔትሮሊየም ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚያው አንተ ያለህበት ሂዩስተን ነው፤ በደጁ ሳታልፍ አትቀርም። በ2019 አናዳርኮ የሚባለውን ኩባንያ ለመግዛት ከሼቭሮን ጋር ተፎካከረና በ38 ቢሊዮን ዶላር አሸነፈ። የአናዳርኮን ዕዳም አብሮ ተሸከመ። ሼቭሮን ቀድሞ ከአናዳርኮ ጋር የገባው ውል ስለፈረሰበት 1 ቢሊዮን ዶላር ካሣ ተቀብሎ ወጣ፤ በዚያ ጨረታ ያተረፈው ሳይገዛ የቀረው ነው ብል አላጋነንኩም። ኦክሲደንታል ለግዢው ገንዘብ ስላነሰው ዋረን ቡፌት 10 ቢሊዮን ዶላር ሰጠው። ቡፌት ግን እንደ አንተ ተራ አክሲዮን አልገዛም። በዓመት 8 በመቶ የሚከፈልበት፣ ከተራው ባለአክሲዮን በፊት የሚስተናገድ ባለቅድሚያ አክሲዮን ነው የወሰደው።

በ2019 መጨረሻ የኦክሲደንታል ተራ አክሲዮን 40 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር፤ የትርፍ ድርሻው በየሦስት ወሩ 79 ሳንቲም፣ በዓመት 3 ዶላር ከ16 ሳንቲም ነበር። አካፍለው፤ ወደ 8 በመቶ ይጠጋል። ስንቱ ጡረተኛ በዚህ ቁጥር ተስቦ ገብቷል። በማርች 2020 መጀመሪያ ሳዑዲ ዓረቢያና ሩሲያ በምርት መጠን ሳይስማሙ ቀሩና የነዳጅ ዋጋ በአንድ ቀን ሩቡን ያህል ወደቀ። ኦክሲደንታል በማግስቱ 79 ሳንቲሙን 11 ሳንቲም አደረገው። እንዲህ ሲቀንስ በ30 ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነበር። በሜይ መጨረሻ ደግሞ 11ዱን 1 ሳንቲም አደረገው።

ይህን በእናትህ ዓይን እየው። አንድ ሺህ አክሲዮን ያለው ሰው በኤፕሪል 790 ዶላር ተቀብሏል። ቀጥሎ 110 ዶላር። ከዚያ 10 ዶላር! ገንዘብ አስተላላፊው ኮሚሽኑን ሲያነሣበት ምን ሊተርፍ? ቡፌትስ? የእሱ በውል የተጻፈ ነበርና ኩባንያው ጥሬ ገንዘብ ቢያጥረውም 17 ሚሊዮን የሚሆን አዲስ አክሲዮን አትሞ ሰጠው። በአንድ ኩባንያ ውስጥ ሁሉም «ባለአክሲዮን» ቢባልም ቀድሞ የሚበላና ቆይቶ የሚበላ አለ። ከሁለቱ በፊት ደግሞ አበዳሪው አለ፤ እሱ ወለዱን ካላገኘ ፍርድ ቤት ይሄዳል። አንተ የት ትሄዳለህ? የትርፍ ድርሻ ቦርዱ ተሰብስቦ «ይከፈል» እስኪል ድረስ የማንም ዕዳ አይደለም። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው።

«ኦክሲደንታል በዕዳ የሰከረ ነበር፤ እኔ ትልልቆቹን ነው የምገዛው» እንደምትለኝ አውቃለሁ። መልካም፤ ወደ ትልልቆቹ እንሂድ።

ሼል ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የትርፍ ድርሻውን ቀንሶ የማያውቅ ኩባንያ ነበር። ይህን ስማ፤ የስዊዝ ቀውስ፣ የ1973ቱ የዓረቦች ማዕቀብ፣ በ1986 ዋጋው የወደቀበት ጊዜ፣ የ2008ቱ የባንኮች ቀውስ፣ በዚህ ሁሉ አልቀነሰም። በለንደን ያሉ የጡረታ ፈንዶች «ሼልን ፈጽሞ አትሽጥ» የሚል አባባል ነበራቸው። ኤፕሪል 20 ቀን 2020 በኒውዮርክ ገበያ የአሜሪካ ድፍድፍ ነዳጅ በርሜሉ ከዜሮ በታች 37 ዶላር ከ63 ሳንቲም ሆኖ ዘጋ፤ ነዳጁን የያዘ ሰው ማስቀመጫ አጥቶ ውሰድልኝ ብሎ ከፈለ ማለት ነው። ከ10 ቀን በኋላ፣ ኤፕሪል 30፣ ሼል 47 ሳንቲም የነበረውን 16 ሳንቲም አደረገው። የዚያን ቀን አክሲዮኑ ከ10 በመቶ በላይ ወደቀ። በ75 ዓመት የተገነባ እምነት በአንድ ጠዋት መግለጫ ፈረሰ።

ቢፒም በኦገስት 2020 ከ10.5 ሳንቲም ወደ 5.25 አወረደው፤ ልክ በግማሽ። የቢፒ አክሲዮን ግን በዚያ ዕለት ከ6 በመቶ በላይ ወጣ። ሁለቱ ቀነሱ፤ ገበያው አንዱን ቀጣ፣ ሌላውን ሸለመ። ለምን? የሼል ሳይታሰብ መጣ፤ የቢፒን ሁሉም ሲጠብቀው ከርሟል፣ ከቅነሳውም ጋር ወደፊት ምን እንደሚያደርግ አብሮ ተናግሯል። ከዚህ የምትማረው፣ የቅነሳው ዜና እስኪወጣ ብትጠብቅ ዋጋው አስቀድሞ ወርዶ እንደሚቆይህ ነው። ገበያው ካንተ ቀድሞ ያውቃል፤ ቢያንስ ይጠረጥራል።

ቢፒ የዋጋ መውደቅ ብቻ አይደለም የሚያስተምረው። በኤፕሪል 2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዲፕ ዋተር ሆራይዘን የተባለው የመቆፈሪያ መድረክ ፈንድቶ 11 ሰዎች ሞቱ፤ ነዳጁ ለወራት ወደ ባሕሩ ፈሰሰ። በጁን የቢፒ አለቆች ዋይት ሐውስ ተጠርተው ፕሬዚዳንት ኦባማን አነጋገሩ፤ ለተጎጂዎች 20 ቢሊዮን ዶላር ሊያስቀምጡ ተስማሙ፤ በዚያው ቀን የዓመቱን ቀሪ የትርፍ ድርሻ ሰረዙ። ያን ጊዜ በብሪታንያ ትልልቅ ኩባንያዎች ከሚከፍሉት የትርፍ ድርሻ ከሰባት ፓውንድ አንዱ የቢፒ ነበር። ሉዊዚያና ዳርቻ በተነሣ እሳት እንግሊዝ አገር ገጠር ያለች መበለት ገቢዋ ተቋረጠ። በ2011 መጀመሪያ ክፍያው ሲመለስ 14 ሳንቲም የነበረው 7 ሆኖ መጣ። ይህን ማንም የሒሳብ መግለጫ አንብቦ አስቀድሞ ሊያውቀው አይችልም ነበር፤ መፍትሔውም ማንበብ ሳይሆን በአንድ ኩባንያ ላይ ሁሉን አለመጣል ነው።

አሁን ወደ ኤክሶን ሞቢል እንምጣ፤ የአንተም ልብ እሱ ላይ መሆኑን ነግረኸኛል። ኤክሶን በ2020 አልቀነሰም። በየሦስት ወሩ 87 ሳንቲሙን ከፈለ። ከየት አምጥቶ? ሒሳቡን ቀረብ ብለህ እየው፤ ልጄ፣ ከዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ የምትይዝ ከሆነ ይህን ያዝ። በዚያ ዓመት ኤክሶን ከሥራው ያስገባው ጥሬ ገንዘብ 14.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ለባለአክሲዮኖቹ የከፈለው 14.9 ቢሊዮን ገደማ ነው። ማለትም የገባው ሁሉ ለትርፍ ድርሻ ቢውል እንኳ አይበቃም፤ ለቁፋሮ፣ ለቧንቧ፣ ለማጣሪያ የሚሆነው ገና አልተነካም። ለዚያ ደግሞ ከ20 ቢሊዮን በላይ አወጣ። ጉድለቱ የተሞላው በብድር ነው፤ ዕዳው በአንድ ዓመት ከ47 ቢሊዮን ወደ 68 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ዘለለ። በመጽሐፉ ላይ የ22.4 ቢሊዮን ዶላር ኪሳራ መዘገበ። በአሜሪካ ሠራተኞቹ የጡረታ ቁጠባ ላይ ያዋጣ የነበረውንም አቆመ፤ ብዙ ሺህ ሰው እንደሚቀንስ አስታወቀ። ገበሬ ለእንግዶቹ ክብር ሲል የዘር እህሉን ቢያስፈጭ ምን ትለዋለህ? እንግዳው ጠግቦ መርቆ ይሄዳል፤ የሰኔ ነገር ግን ለሰኔ ነው።

ታዲያ ሰኔ መጣና ዘነበ። ዋጋው አገገመ፣ የዩክሬን ጦርነት ተጨመረበት፣ በ2022 ኤክሶን ከ55 ቢሊዮን ዶላር በላይ አተረፈ፣ ዕዳውን ወደ ቀድሞው መለሰ። በ2020 መገባደጃ አክሲዮኑ 32 ዶላር ገደማ በነበረበት ጊዜ፣ መቶኛውም ከ10 በላይ ሆኖ ሁሉም ሲሸሸው የገዛ ሰው በሁለት ዓመት ገንዘቡ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነለት፤ የትርፍ ድርሻውም አልተቋረጠም። አንተም ይህን ይዘህ «ገደል ያልከው ሜዳ ሆነ እኮ» ልትለኝ ትችላለህ። እውነት ነው፤ አልክድህም። ከፍ ያለ መቶኛ ሁሉ ወጥመድ አይደለም። ግን ኦክሲደንታልንና ኤክሶንን ያየቻቸው ፀሐይ አንዲት ናት፤ ያው ዋጋ፣ ያው ወረርሽኝ፣ ያው ወር። አንዱ 1 ሳንቲም የከፈለው ሌላው 87 ሳንቲሙን ያስቀጠለው ወደ ክፉው ዓመት ሲገቡ የተሸከሙት ዕዳ ስለተለያየ ነው። ኤክሶን ከዚያ በፊት ዕዳው ከሀብቱ አንጻር ትንሽ ስለነበር ባንኮቹ በሩን ከፈቱለት። ሼልም ቢሆን በ2016 ቢጂ የተባለውን የጋዝ ኩባንያ ከ50 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ ከገዛ በኋላ ከዕዳው ጋር ሲታገል የከረመ ነው። «ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ»፤ የትርፍ ድርሻው የሚሰበረው በክፉው ዓመት ይሁን እንጂ ዝላዩ በጥጋቡ ዓመት ነው የተዘለለው። ስለዚህ ኩባንያ ስትመርጥ የዛሬውን ክፍያ ትተህ ባለፈው የጥጋብ ዓመት ምን እንደገዛና በምን ገንዘብ እንደገዛ ጠይቅ።

ስለ ኤክሶን አንድ ነገር ልጨምር፤ ትንሽ ቢሆንም ያስቀኛል። ኩባንያው በየዓመቱ የትርፍ ድርሻ በመጨመር ለአሥርት ዓመታት የዘለቀ ስም አለው። ከ2019 ጀምሮ 87 ሳንቲሙን ሳይጨምር ቆየ፤ 2021 ሊያልቅ ሲል አንዲት ሳንቲም ጨምሮ 88 አደረገው። በዚህች ሳንቲም የዓመቱ ድምር ካለፈው ዓመት በለጠና ስሙ ሳይበጠስ ቀረ። ስም ዋጋ አለው፤ ቦርዱ ስሙን ላለማጣት ብዙ እንደሚሄድ ማወቅም ለአንተ መረጃ ነው። ግን በዚያች ሳንቲም እናትህ ምን ትገዛለች?

አሁን ደግሞ «ቃል አልገባም» ስለሚሉት። ከ2020 ጠባሳ በኋላ አንዳንድ የአሜሪካ ነዳጅ አምራቾች የትርፍ ድርሻውን ለሁለት ከፈሉት፤ ትንሽ ቋሚ ክፍያ አለ፤ በላዩ ላይ ደግሞ በየሦስት ወሩ ከተረፈው ጥሬ ገንዘብ የሚታሰብ ተለዋዋጭ። ዴቨን ኢነርጂ ጀማሪው ነው። በሴፕቴምበር 2022 ሁለቱ ተደምረው በአክሲዮን 1 ዶላር ከ55 ሳንቲም ከፈለ። ከአንድ ዓመት በኋላ በሴፕቴምበር 2023 የከፈለው 49 ሳንቲም ነው። ማንም አልዋሸም፤ ማንም ቃሉን አልበላም። ዋጋው ወረደ፣ ክፍያው አብሮ ወረደ። እኔ ይህን አሠራር እወደዋለሁ፤ ሐቀኛ ነው። ለአንተ ዕቅድ ግን ከሁሉም የከፋው እሱ ነው። መተግበሪያህ ያለፉትን አራት ክፍያዎች ደምሮ መቶኛ ስለሚያወጣ፣ በ2022 መጨረሻ ያሳይ የነበረው ቁጥር ያለፈ ድግስ ነበር።

የራሳቸውን አክሲዮን መልሰው የሚገዙትም አሉ። ኤክሶን በ2023 ለትርፍ ድርሻ 14.9 ቢሊዮን ሲከፍል፣ ለአክሲዮን ግዢ ከ17 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውሏል። ግዢው ሲቆም ማንም አያለቅስም፤ ስለዚህ አለቆች የሚወዱት ማስተንፈሻ እሱ ነው። የአክሲዮኑ ቁጥር ስለሚቀንስ ለቀረው ሰው ድርሻው ይሰፋል፤ ጥሩ ነው። ትዝብቴ ግን ይህ ነው፦ አክሲዮኑ በረከሰበት በ2020 ገዢ እምብዛም አልነበረም፣ ሼቭሮን እንኳ በማርች አቁሞ ነበር፤ በተወደደ ጊዜ ግን ሁሉም በቢሊዮን ይገዛል።

መንግሥት ዋና ባለቤት የሆነበትን ኩባንያ ለይተህ እየው። «ጌታዋን ያመነች በግ ላቷን ደጅ ታሳድራለች» ይባላል፤ ጌታዋ ራሱ ቢቆርጠውስ? የሩሲያው ጋዝፕሮም ከግማሽ በላይ የመንግሥት ነው። በሜይ 2022 ቦርዱ በአክሲዮን 52.53 ሩብል እንዲከፈል አቀረበ፤ በታሪኩ ትልቁ። ሕዝቡ ተሯሩጦ ገዛ። ጁን 30 ጠቅላላ ጉባኤው ውድቅ አደረገው፤ አክሲዮኑ በዚያው ቀን 30 በመቶ ገደማ ወደቀ። ሊከፈል የነበረው በጠቅላላ 1.24 ትሪሊዮን ሩብል ገደማ ነበር። ብዙም ሳይቆይ መንግሥት ጋዝፕሮም ላይ ለሦስት ወር ልዩ ታክስ ጣለ፤ መጠኑ ወደ 1.25 ትሪሊዮን። ድርሻው ለሁሉም ከሚከፋፈል ሁሉንም በታክስ ጠቅልሎ ወሰደው ማለት ነው። በኋላ በዚያው ዓመት መገባደጃ 51 ሩብል ተከፍሏል፤ ከዚያ ግን ደረቀ። ዛሬ አንተ ጋዝፕሮምን መግዛት አትችልም፤ ትምህርቱ ግን ለሌሎቹም ይሠራል። የብራዚሉ ፔትሮብራስ በማርች 2024 ሲጠበቅ የነበረውን ተጨማሪ ድርሻ ሲይዘው አክሲዮኑ በአንድ ቀን 10 በመቶ ገደማ ወርዷል፤ በኋላ ግማሹን ለቀቁት።

ደግሞ የነዳጅ ሥራ የሚያልቅ ዕቃ የሚሸጥበት ነው። ለስላሳ መጠጥ የሚሸጥ ኩባንያ ዛሬ ስለሸጠ ነገ የሚሸጠው አይቀንስም፤ ነዳጅ ኩባንያ ግን በየቀኑ ከጓዳው እያወጣ ነው። አንተ አሸዋ የምታደርስላቸው የምዕራብ ቴክሳስ ጉድጓዶች በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ምርታቸው ከግማሽ በላይ ይወርዳል። ያንን የሚተካ ቁፋሮ ሳይደረግ የሚከፈል ወፍራም ድርሻ ሲያጋጥምህ «የጨው ክምር ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል» የሚለውን አስታውስ። ኩባንያዎቹ በየዓመቱ መጽሐፋቸው ላይ ያረጋገጡትን ክምችት ይጽፋሉ፤ ካወጡት በላይ ተክተዋል ወይስ አልተኩም የሚለው እዚያ አለ። እሱንም ሙሉ በሙሉ አትመን፤ ሼል በጃንዋሪ 2004 ካረጋገጥኩት ክምችት 3.9 ቢሊዮን በርሜሉ «የተረጋገጠ» አይባልም ብሎ ሰርዟል፤ ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ ነበር።

ስለ ቀናትና ስለ ታክስ ብዙ አላስቸግርህም። ክፍያው ሊደርስ ሲል ገዝቶ ተቀብሎ መሸጥ ብልጠት የሚመስላቸው አሉ፤ ክፍያውን የማግኘት መብት ለአዲስ ገዢ በሚቆረጥበት ዕለት ጠዋት የአክሲዮኑ ዋጋ በክፍያው ልክ ገደማ ዝቅ ብሎ ነው የሚከፍተው፣ ስለዚህ ከግራ ኪስ ወደ ቀኝ ኪስ ነው። ከ60 ቀን በላይ ሳትይዝ ከሸጥክ ደግሞ ዝቅ ያለውን የታክስ መጠን ታጣለህ። በሽርክና መልክ የተቋቋሙ የቧንቧ ኩባንያዎች ክፍያቸው ዓይን ይስባል፤ የታክስ ወረቀታቸው ግን ዘግይቶ የሚመጣና የተወሳሰበ ስለሆነ የታክስ ሠሪህን ጠይቀህ ግባ። ቧንቧ ስለሆነ ዋጋ አይነካውም የሚሉህንም አትስማ፤ ኪንደር ሞርጋን በዲሴምበር 2015 ከ51 ሳንቲም ወደ 12.5 አውርዷል።

አሁን ወደ ራስህ። ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ይህ ነው፤ በስልክ ያልነገርኩህም እሱን ነው። አንተ እንጀራህን የምታገኘው ሚድላንድና ኦዴሳ አካባቢ ለሚቆፍሩ ሰዎች በመጫን ነው። በማርች 2020 መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ 790 ገደማ መቆፈሪያዎች ይሠሩ ነበር፤ በኦገስት 250 እንኳ አልሞሉም። ያኔ የአንተ ዓይነቱ መኪና ቆሞ ነበር፤ የመኪናው ብድር ግን አልቆመም። ቤትህ ሂዩስተን ነው፤ የቤቱም ዋጋ፣ የጎረቤትህም ደሞዝ በነዳጅ ይወጣል ይወርዳል። በዚህ ላይ ቁጠባህን በሙሉ ነዳጅ ላይ ካዋልክ፣ መኪናው በቆመበት ወር የትርፍ ድርሻው ይቆረጣል፤ ሽጬ ልገላገል ብትል ዋጋው ወድቆ ይጠብቅሃል። ለናፍጣ የምታወጣው ሲጨምር አክሲዮኑ ይክሰኛል ብለህ አስበህ ከሆነ፣ ያ የሚሠራው ከነዳጅ ሥራ ውጭ ለሚጭን ሹፌር ነው። ዳላስ ሆኖ የሱፐርማርኬት ዕቃ የሚያመላልስ ጓደኛህ ከአንተ ይልቅ ነዳጅ ኩባንያ ቢገዛ ያዋጣዋል።

ስለዚህ ልጄ፣ እንዲህ አድርግ። የእናትህን ከደሞዝህ ላክ፤ እንደ እስከ ዛሬው። ከ40 ሺው መጀመሪያ የስድስት ወር የቤትና የመኪና ክፍያ የሚሆነውን አንስተህ ባንክ አስቀምጥ፤ ወለዱ ያንሳል ብለህ አትናቀው። ከቀረው ነዳጅ ላይ የምታውለው ከአምስት አንድ አይለፍ፤ እሱንም በአንድ ቀን አትግዛ፣ በዓመት ውስጥ ከፋፍለህ ግዛ፣ ቢያንስ በሁለት ሦስት ኩባንያ ላይ። ሌላውን ከነዳጅ ጋር ዝምድና በሌለው ሰፊ ፈንድ ላይ አድርገው። የሚከፈልህ የትርፍ ድርሻ ለጊዜው ተጨማሪ አክሲዮን ይገዛበት፤ ሲቀነስም ማንም ሳይራብበት ይቀነሳል። የነዳጅ ዋጋ ስንት ሲሆን የትርፍ ድርሻው ሳይበደሩ እንደሚሸፈን ብዙዎቹ ኩባንያዎች ለባለአክሲዮን በሚያቀርቡት ገለጻ ላይ ይናገራሉ፤ የማይናገረውን እለፈው።

ከመግዛትህ በፊት ያሰብካቸውን ኩባንያዎች የዓመት ሪፖርት ክፈትና የጥሬ ገንዘብ ፍሰት የሚለውን ሠንጠረዥ ፈልግ። ከሥራ የገባው፣ ለቁፋሮና ለግንባታ የወጣው፣ ለትርፍ ድርሻ የተከፈለው፣ የተበደሩት፤ እነዚህን አራት መስመሮች የ2020ውንና የመጨረሻውን ዓመት ጎን ለጎን ጻፍልኝ። ፎቶ አንስተህ በዋትሳፕ ላክልኝ፤ እስከዚያ ግን አንድም አክሲዮን አትግዛ።